አምስተኛ ወሯ ነው

“ሆዷ የታለ አትበዪኝ፤ የረጅም ሴት ሆድ ቶሎ አይወጣም። አምስተኛ ወሯ ነው፣” አለች ታላቂቱ እህት፣ የደንበኛዋን ራስ መታጠቢያው ላይ አስተኝታ ሻምፖውን እያለቀለቀች። ታናሺቱ ከመጋረጃው ወዲያ ፎጣ እያጠበች ነበር። በእጇ የያዘችው ፎጣ ግማሹ ተጨምቆ ግማሹ ውሃ እንዳዘለ ቀረ። ልጇ ከሆዷ ከወጣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው ያችው እህቷ ናት፤ ያን ጊዜ አንሶላውን በገዛ እጇ ያጠበች፣ ሾርባ ሠርታ በማንኪያ ያጎረሰቻት እሷ ናት። አሁን ግን እዚያ ማዶ ቆማ የሌለውን ልጅ ወር እየቆጠረች ታሳድገዋለች። አይ ሰው! ደንበኛዋ ውሃው ጆሮዋ ውስጥ እየገባባት፣ “ውይ፣ በሰላም ያገላግላት፣” አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውም ልማድ ሆኖባት በሹክሹክታ “አሜን” አለች። የደነገጠችው ካለች በኋላ ነው።

እዚህ ቤት የታናሺቱ ስም ቀጭኔ ነው። ስሙን ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። ቁመቷ ከበሩ መቃን ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ ወንበሮቹ ደግሞ ለአጭር ሰው የተሠሩ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ ጎብጣ ትውላለች። ራስ ለማጠብ ስታጎነብስ “ቀጭኔ ውሃ ልትጠጣ ወረደች” ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች። ወገቧ ግን አይስቅም። ፀጉር ቤቱ የታላቂቱ መኖሪያ ቤት የፊት ክፍል ነው። ድሮ እንግዳ መቀበያ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የራስ መታጠቢያ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ መስታወት አለበት። ከካስኮቹ አንደኛው የሚያሞቀው በግራ በኩል ብቻ ስለሆነ ከሥሩ የተቀመጠች ሴት በየአሥር ደቂቃው ራሷን እንድታዞር ይነገራታል፤ “እንደ ዳቦ ካላገላበጥንሽ አትበስዪም” ትላታለች ታላቂቱ። በሩ አጠገብ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል። ዋጋ በጨመረ ቁጥር በአሮጌው ቁጥር ላይ አዲስ ወረቀት ስለሚለጠፍ አንዳንዱ ቁጥር ከግድግዳው ወጣ ብሎ አብጧል፤ ከሁሉም ያበጠው ማለስለሻ የሚለው ነው። ፀጉር የሚያለሰልሰው ነጭ ቅባት ውድ ነው፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ተቀብቶ በሰዓቱ ካልታጠበ የራስ ቆዳ ይልጣል። ያን ቅባት በመላ ሰፈሩ እንደ ቀጭኔ የሚቀባ የለም ይባላል፤ እጇ ቀላል ነው። ደንበኛ ሁሉ እሷን እያለ ስለሚመጣ በእርግዝናዋ አራት ወር ሙሉ ከዚያ ወንበር ጀርባ ዞር ብላ አታውቅም።

ውሸቱ ተመክሮበት የተጀመረ አይደለም። ነገሩ የሆነ ዕለት “ሆዴን ቆረጠኝ” ብላ ጠዋት ከሥራ ወጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ሆዷ ባዶ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር በስልክ “አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጠናል” አላት፤ መስመሩም ተቋረጠ። አራት ቀን እህቷ ቤት ጓዳ ውስጥ ተኛች። በነዚያ አራት ቀናት “ቀጭኔ የታለች?” ያለችውን ሁሉ ታላቂቱ “እርግዝናው ከብዷት ነው” እያለች ሸኘች። በአምስተኛው ቀን ቀጭኔ ሥራ ስትገባ መቆም አቃታትና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። አንዲት ደንበኛ ተቀምጦ ፀጉር የሚሠራ ሰው አይታ አታውቅም ኖሮ ቅር ሲላት፣ ታላቂቱ ቶሎ ብላ “ነፍሰ ጡር እኮ ናት” አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራስ ሲመለጥ ማወቅ እንጀራዋ የሆነው ሴትዮ እንኳ አፏ ሲያመልጣት አላወቀችም። በኋላ ጓዳ ገብታ፣ “ምን ልበል ታዲያ? እዚህ ቤት ሰው የሚመጣው ሊያምርበት ነው፣ ሊያለቅስ አይደለም። ለአንዷ ነገርኩ ማለት ለሁሉም ነገርኩ ማለት ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን እያነሳች ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ትንሽ ቆይተን እንናገራለን፣” አለቻት። ቀጭኔም ሆድ ይፍጀው አለች። ትንሽ ቆይተን የተባለው ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም። ደንበኞቹ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። “እንዴት ነው፣ ይራገጣል?” ይሏታል። “ደህና ነው” ትላቸዋለች።

ዛሬ ስትነሳ ሰውነቷ ይፋጃል። ከወገቧ በታች ወደ ምድር የሚጎትታት ነገር አለ፤ ደሙም ገና አልቆመም። ጤና ጣቢያው ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀጥሯታል። ነርሷማ “ትኩሳት ከመጣብሽ ቀጠሮም አትጠብቂ፣ ይህ ነገር የሚቀለድበት አይደለም” ብላት ነበር። ፎጣውን አስጥታ ስትመለስ የጠዋቷ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ገብታለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይሰማምና እህትማማቾቹ የሚነጋገሩት በዚያን ጊዜ ነው።

“እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ።”

“ዛሬ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።”

“ትኩሳት አለኝ።”

ታላቂቱ ከሙቅ ውሃ ያወጣችውን እጇን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ግንባሯን ነካቻት። “ትኩሳት የለሽም እታለም። ድካም ነው። ሰኞ እንሄዳለን፤ ሰኞ ራሱን የሚታጠብ የለም፣ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ፣” አለች። አልዋሸቻትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙቅ ውሃ ውስጥ የኖረ እጅ የሰው ትኩሳት አይለይም። ቀጭኔ ዝም ብላ ወጥታ መሄድ ትችል ነበር፤ እግሯን ያሰራት የለም። ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ ማበጠሪያ አያያዝ ያስተማረቻት፣ ቆማ የዳረቻት ይህች እህቷ ናት፤ እሷን እምቢ ማለት አለመደችም። ደግሞስ ደንበኞቹ የት ሄደች ቢሉ እህቷ ምን ትላቸው ይሆን? አንድ ወር ትጨምርበት ይሆናል።

ከሁለቱ እህትማማቾች ሌላ እውነቱን የምታውቀው ጥፍር ሠሪዋ ብቻ ናት። ከመስታወቱ ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግታ ትሠራለች። ጥፍር ሲሞረድ የሚነሳው ዱቄት ደረቅ ሳል አስለምዷታል። ማስክ አላት፤ ግን ወሬ ሲመጣ ታወርደዋለች፣ ወሬ ደግሞ በየደቂቃው ይመጣል። “ጤና ጣቢያው በር ላይ ‘ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ’ የሚል ተለጥፎ አየሁ፤ ማን ደመወዝ እየከፈለኝ ልጠንቀቅ አልኩት ወረቀቱን፣” ስትል ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። ዛሬ ቀጭኔ አጠገቧ ስታልፍ ግን አልቀለደችም፤ በእግሯ በርጩማውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ቀጭኔ እስከ ምሳ አራት ራስ አጠበች፣ የሁለት ሴቶችን ፀጉር በቢጎዲን ጠቀለለች። በየመሃሉ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳለች። ደንበኞቹ እየተጠቃቀሱ “ልጁ ፊኛሽ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠው?” ይሏታል። እሷ ውስጥ ገብታ በሩን ዘግታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ላቧ እስኪደርቅ ቆማ ትመለሳለች።

እኩለ ቀን ላይ ማለስለሻው አለቀና ከጅምላ መደብር እንድትገዛ ተላከች። ዕቃው ባለፈው ሳምንት ከነበረው ዋጋ በሩብ ጨምሯል። ሻጩ “እኔ አይደለሁም፣ ከላይ ነው” አላት፤ ሻጭ ሁሉ ከላይ የሚለው ያ ላይ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስትመለስ በጤና ጣቢያው አጥር በኩል አለፈች። በሩ ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁትን ቆጠረች፤ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። አሥረኛ ሆና ብትቀመጥ ምናልባት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትገባ ነበር። የቅባቱን ቆርቆሮ ከደረቷ አስጠግታ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ምሳ ቀርቦ አልበላላት አለ። እህትማማቾቹ ጓዳ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማንኪያው ከሳህኑ ሲጋጭ ብቻ ይሰማ ነበር። ታላቂቱ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ልትናገር አለችና፣ “ጨው በዛበት መሰለኝ፣” አለች። “ደህና ነው፣” አለች ታናሺቱ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የባንኳ ሴትዮ ገባች። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሁለት ወሩ ፀጉሯን ስታስለሰልስ ከቀጭኔ በቀር ሌላ እጅ ራሷን ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ትንሽ ከረጢት ይዛለች። “ለኛ ልጅ ነው፣” ብላ በርጩማው ላይ ያረፈችው ቀጭኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ነጭ ኮፍያና ጥንድ ካልሲ ነው፤ ካልሲው አውራ ጣት ያህል ነው። “እኔ መቼም አልወለድኩም። ሱቅ ገብቼ እንዲህ ያለ ነገር ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። ሻጯ ለማን ነው ስትለኝ ለልጄ ልላት ምንም አልቀረኝም፣” አለች እየሳቀች። ቀጭኔ ካልሲውን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። ቀና ስትል ታላቂቱ በመስታወቱ ውስጥ ታያታለች፤ ዓይኗ አደራ ይላል። “እግዜር ይስጥልኝ፣” አለች ቀጭኔ። ማለስለሻ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ጤና ጣቢያው ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰው አይቀበልም። ቀጠሮው አለቀለት ማለት ነው።

ጓንቷን አጥልቃ ቅባቱን ከፈተች። ሽታው ሲመታት ክፍሉ ዞረባትና የወንበሩን ጀርባ ያዘች። ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍላ ከማጅራት በኩል መቀባት ጀመረች። ግማሽ ያህል እንደ ደረሰች የባንኳ ሴትዮ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ አየቻት። “ቆይ እስቲ፣ እኔ ምን ነክቶኛል?” አለች። “ነፍሰ ጡር ይህን ይዛ ትቆማለች እንዴ? እኔን እንኳ ዓይኔን እያቃጠለኝ፤ ለልጁ አይከፋም?” የተጠየቀችው ቀጭኔ ነበረች፤ የደነገጠችው ግን ታላቂቱ ናት። በሦስት እርምጃ ደረሰች። “ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ፣ እኔም ልላት ነበር። ተይው እታለም፣ ቁጭ በይ፣” ብላ ብሩሹን ከእጇ ወሰደች። ራሷ ጓንት አጠለቀች። ጥፍር ሠሪዋን ትራስ ከጓዳ አስመጥታ በርጩማው ላይ አስደረገችላት። “መስኮቱን እንክፈትላት፣” አለች ደግሞ።

ያ መስኮት! ቀጭኔ በሁለተኛ ወሯ ሽታው ሲያስመልሳት፣ “እትዬ፣ መስኮቱ ቢከፈት፣” ብላ ነበር። ቀለም ሲቀባ ተጣብቋል፣ አናጢ ይፈልጋል ተባለች። በሦስተኛው ወር ጠየቀች፤ አናጢው ይመጣል ተባለች። በአራተኛው አልጠየቀችም። አሁን ታላቂቱ የማበጠሪያ እጀታ ስንጥቁ ውስጥ ከትታ፣ ጥፍር ሠሪዋ በመዳፏ እየመታች፣ አንድ ሁለት ሲሉት ተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ የዋጋው ወረቀት ተርገበገበ። ታላቂቱም ወደ ብሩሹ ተመለሰች። ለነበረው ልጅ ያልተከፈተ መስኮት ለሌለው ልጅ በአንድ ደቂቃ ተከፈተ። ቀጭኔ ትራሱ ላይ ተቀምጣ አየችው። ነርሷ “ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ በእርግጥ ሊነግርሽ የሚችል የለም” ብላት ነበር፤ ከሽታው ይሁን፣ ከመቆሙ ይሁን፣ ከምንም ይሁን። ያን ጊዜ አምናት ነበር፤ አሁንም ታምናታለች። ግን መስኮቱ የሚከፈት ነበር።

“እንዲህ ያለች እህት ማን አላት?” አለች የባንኳ ሴትዮ፣ ደስ ብሏት።

“ልጁ የለም፣” አለች ቀጭኔ።

“ምን አልሽ?”

“ልጁ የለም። አስወርዶኛል። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።”

አልጮኸችም፤ ውሃው ሞቀሽ ወይ ብላ ደንበኛ በምትጠይቅበት ድምፅ ነው የተናገረችው። የታላቂቱ እጅ ባለበት ቆመ፤ ከብሩሹ ጫፍ ቅባቱ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። በዚህ ሥራ ሰዓት የማይረሳ ሰው ቢኖር ታላቂቱ ናት፤ ስልክ እያወራችም፣ ከልጆቿ እየተጣላችም የቅባቱን ደቂቃ በልቧ ትቆጥራለች። ዛሬ ጠፋባት። መጀመሪያ የተቀባው ማጅራት ጊዜው አልፎ ማቃጠል ጀምሯል፤ የባንኳ ሴትዮ ግን ሰው ልጄ ሞተ እያላት ራሴን አቃጠለኝ ማለት አፈረች። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ እንባዋ ይወርዳል፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ አልተለየም። ያየችው ቀጭኔ ናት። የሴትዮዋ ቆዳ ከጆሮዋ ሥር ቀልቷል። ተነስታ በክንዷ ደግፋ ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ረጅም ጊዜ፣ ቀስ እያለች፣ አጠበቻት። ሴትዮዋ ተንጋላ ተኝታ እንዳለች ከጓንቱ በላይ ክንዷን ያዘቻት። ብር ሲቆጥር የሚውል ደረቅ እጅ ነው፤ ትኩሳቱን ወዲያው ለየው። “አንቺ ልጅ፣ እሳት ሆነሻል እኮ፣” አለቻት።

“እኔ ሦስቱንም እዚሁ ወንበር አጠገብ ቆሜ ነው ያረገዝኳቸው፣” አለች ታላቂቱ በድንገት። የጠየቃት አልነበረም። “ይኸው አድገዋል፣ ምንም አልሆኑም። እኔ ምን አውቄ?” መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ። ወሬ ሲመጣ ማስኳን የምታወርደው ጥፍር ሠሪ አሁን እስከ ዓይኖቿ ድረስ ሳበችው። የባንኳ ሴትዮ ራሷ ላይ ፎጣ ጠምጥማ፣ ግማሹ የለሰለሰ ግማሹ ያልለሰለሰ ፀጉሯን ይዛ ተቀመጠች። “እኔን እህትሽ ትጨርሰኛለች። አንቺ አሁኑኑ ተነሺና ሂጂ፣” አለች። ከዚያ ከረጢቱን አንስታ ማንም ያላያት መስሏት የገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀጭኔ አየቻት፤ አልከፋትም።

ጓንቷን አውልቃ ጃኬቷን ደረበች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ ጤና ጣቢያው ለጤነኛ ሰው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በሩን አልፋ ደረጃውን ስትወርድ ታላቂቱ ተከትላት ወጣች። ቅባት የነካው ጓንት በእጇ ላይ እንዳለ ነው፤ ልብስ እንዳይነካባት ሁለት እጇን ከፊቷ አርቃ ይዛለች፤ ልታቅፋትም አልቻለች።

“ልምጣ አብሬሽ?”

“ደንበኛ አለሽ።”

ታላቂቱ ራሷን ነቀነቀች። ልትመለስ ዞር አለችና አልተመለሰችም።

“እታለም፣” አለች፤ “ምን ነበር?”

“ምኑ?”

“ልጁ። ወንድ ነበር ሴት?”

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቀጭኔ ግድግዳውን ተደገፈች። ቁጣ ቢኖራት ደስ ባላት፤ ግን የለም፤ የነበራት ሁሉ እዚያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቀርቷል።

“አላወቅኩም፣” አለች። “ነርሷ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላኝ ነበር። አዎ ልላት ስል ስልኬ ጠራ። አንቺ ነሽ።”

“እኔ?”

“ቡኒው ቀለም የታለ ብለሽ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሻምፖዎቹ ኋላ አልኩሽ። ስልኩን ስዘጋ ነርሷ ወደ ሌላ ሰው ሄዳለች። ከዚያ በኋላ ጠርቼ መጠየቅ ከበደኝ።”

ይህን ብላ፣ በግድግዳው ላይ መዳፏን እያስደገፈች፣ ቀስ እያለች መንገዱን ያዘች። ታላቂቱ እጆቿን ከፊቷ እንደ ዘረጋች ደረጃው ላይ ቀረች። ከውስጥ ማን እንደሆነ ያልለየችው ድምፅ ይጠራታል። ያን ዕለት ስልኩን እንደ ዘጋች ቀለሙን ወዲያው አግኝታው ነበር፤ እዚያው፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሻምፖዎቹ ኋላ።